ብረትና ሚዛን፦ በእጅ ሠርቶ ስለ መማር ለወጣት ተማሪዎቻችን የቀረበ ምክር

ቢስሚላህ። ምስጋና ሁሉ የሰውን ልጅ ፈጥሮ፣ አእምሮና ሁለት እጆች ሰጥቶ፣ የማያውቀውን ላሳወቀው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሃቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ድረስ ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ይህ ምክር የተጻፈው ከወላጆቻችሁ ሀገር ርቃችሁ ለተወለዳችሁ ወይም በልጅነታችሁ ለመጣችሁ፣ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላላችሁ ወይም ኮሌጅ ደጃፍ ላይ ለቆማችሁ ነው። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም፣ በጂዳም ሆነ በዱባይ ብትኖሩ አንድ የሚያገናኛችሁ ጥያቄ አለ፦ ነገ ምን ልሁን? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ድምፆች መልስ ይሰጧችኋል። ቤት ውስጥ «ሐኪም ሁኑልን» ይባላል፤ ኑሮው ሲከብድ ደግሞ «ቶሎ ሥራ ያዙና ቤተሰብ አግዙ» ይባላል። ትምህርት ቤት «ሒሳብና ፊዚክስ ይከብድሃል፣ ቀለል ያለውን ውሰድ» የሚል አማካሪ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ስልኩ በበኩሉ ያለ ድካም ስለሚመጣ ዝናና ገንዘብ ያወራችኋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጎዳን ግን በራሳችን መካከል የምንሰማው አንድ አባባል ነው፦ «ቁርኣን ለአኺራ፣ ሳይንስ ለዱንያ።» ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ መስጊድ ሲገባ ጥያቄውን ከጫማው ጋር በር ላይ ይተዋል፤ ላቦራቶሪ ሲገባ ደግሞ ኢማኑን በር ላይ ይተዋል። ቀስ በቀስ ሁለት ሰው ይሆናል። ሁለት ሰው ሆኖ መኖር ሲደክመው አንዱን ይጥላል፤ የሚጥለውም ብዙ ጊዜ ዲኑን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የሥራ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የዲንም ጉዳይ ነው።

ነቢያት በእጃቸው ሠርተዋል

ቁርኣንን ስታነቡ አላህ ነቢያቱን እንዴት እንደገለጻቸው አስተውሉ። ነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ሕዝባቸውን ለብዙ ዘመን ከመከሩ በኋላ የመጣላቸው ትእዛዝ መርከብ እንዲሠሩ ነበር። አላህ በጥበቃው ሥር ሆነው፣ እርሱ ባሳወቃቸው መንገድ እንዲሠሩ አዘዛቸው። በሱረቱል ቀመር ያቺ መርከብ የተገለጸችው በሳንቃዋና በምስማሯ ነው። ከሕዝባቸው መሪዎች መካከል ባለፉ ቁጥር እየቆሙ ያፌዙባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አላቆሙም። አላህ ቢፈልግ ኑሕንና አማኞቹን ያለ መርከብ ማዳን ይችል ነበር። ነገር ግን መዳኛውን በአንድ ሰው የእጅ ሥራ በኩል አደረገው።

ነቢዩላህ ዳውድን (ዐ.ሰ.) ተመልከቱ። ንጉሥ ናቸው፤ ነቢይም ናቸው። አላህ ብረትን አለዘበላቸው፤ ጥሩር እንዲሠሩና ቀለበቶቹንም በልክ እንዲያደርጉ አዘዛቸው። ይህን «በልክ» የሚለውን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ቀለበቱ ቢሰፋ ቀስት ያሳልፋል፤ ቢጠብ ልብሱ ይከብዳል፣ ለባሹ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ዛሬ ማንኛውም መሐንዲስ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው፦ ምን ያህል ይበቃል? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከገዛ እጁ ሥራ ከሚያገኘው የተሻለ ምግብ እንደማይበላ አስተምረው ምሳሌ ያደረጉት ዳውድን ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ ተነግሮናል።

በሀገራችን ግን ነገሩ ተገላብጦ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ተሰደበ፤ ሸክላ የምትሠራዋ እናት በቡዳነት ተጠረጠረች። ሙስሊም አባቶቻችንም በጎንደርና በሌሎች ቦታዎች የመሬት ርስት ስለተነፈጉ በንግድና በሽመና ኖሩ፤ በዚያው ሙያቸው ተናቁ፣ በዚያው ሙያቸውም ልጆቻቸውን አሳደጉ። ወገኖቼ፣ ያ ንቀት ከኢስላም የመጣ አይደለም። ነገር ግን በሻንጣችን ውስጥ ተደብቆ ባሕር ተሻግሯል። ዛሬም ልጁ «ማሽን መሥራት፣ ብየዳ መማር እፈልጋለሁ» ሲል ፊቱ የሚጠቁር አባት አለ። የዳውድን ሙያ የናቀ ማንን እንደናቀ ቢያስብ መልካም ነው።

አይቶና ሠርቶ መማር የሱና መንገድ ነው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላትን ያስተማሩት እንዴት ነበር? ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ሚንበር ላይ ወጥተው ሰገዱ፤ ለሱጁድ ሲደርሱ ወደ ኋላ ወርደው መሬት ላይ ሱጁድ አደረጉ፤ ከዚያም ተመልሰው ወጡ። ሲጨርሱ ይህን ያደረጉት ሰዎች አይተው እንዲማሩ መሆኑን ገለጹ። ያ ሚንበር ራሱ የአናጢ ሥራ ነበር። በአንድ ዘገባ ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት የአንሷር ሴት ነች፤ አገልጋይዋ አናጢ ስለነበር የሚቀመጡበት ነገር ላሠራልዎት ብላ ጠየቀች። የሴት ሐሳብ፣ የአናጢ እጅ፣ የነቢይ ትምህርት በአንድ እንጨት ላይ ተገናኙ።

ሌላም አለ። አንድ ሰው መስጊድ ገብቶ እየተቻኮለ ሰገደ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተመልሶ እንዲሰግድ፣ አለመስገዱን ነገሩት። ሄደ፣ ሰገደ፣ መጣ፤ እንደገና መለሱት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚህ የተሻለ እንደማይችል ተናግሮ አስተምሩኝ ባለ ጊዜ አንድ በአንድ አስረዱት። መጀመሪያ እንዲሞክር፣ ስህተት እንዳለበት እንዲያውቅ፣ ጥያቄው ከራሱ እንዲወጣ አደረጉ። የሮቦት ክበብ ውስጥ የሠራችሁት መኪና ሦስት ጊዜ ግድግዳ ሲመታ ይህን ሐዲስ አስታውሱ። ሳትሞክሩት የተነገራችሁ መልስ ይረሳል፤ ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ያጣችሁት መልስ ሲመጣ ግን ልብ ውስጥ ይቀመጣል።

የነቢዩላህ ኢብራሂምንም (ዐ.ሰ.) ታሪክ አስታውሱ። አላህ ሙታንን እንዴት ሕያው እንደሚያደርግ እንዲያሳያቸው ለመኑ። ኢማን አላነሳቸውም፤ ልባቸው እንዲረጋ ነበር። አላህም አልተቆጣቸውም፤ አራት ወፎች እንዲይዙ አዘዛቸውና በገዛ እጃቸው ባደረጉት ነገር አሳያቸው። «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ የኢማን ጠላት ቢሆን ኖሮ የአላህ ወዳጅ ባልጠየቁ ነበር። ልጆቼ፣ የኬሚስትሪ መምህራችሁን «እንዴት?» ብላችሁ ስትጠይቁ ከዲናችሁ አልወጣችሁም።

በመዲና ደግሞ ሰዎች የቴምር ዛፍ በእጃቸው ሲያዳቅሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው ይጠቅማል ብለው እንደማያስቡ ገለጹ። ሰዎቹም ተዉት፤ ምርቱም ቀነሰ። ይህ በተነገራቸው ጊዜ በዱንያችሁ ጉዳይ እናንተ ይበልጥ ታውቃላችሁ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናገሩ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የቴምር ዛፍ ዕውቀት የሚገኘው ከቴምር ዛፍ ዘንድ ነው፦ በማየት፣ በመሞከር፣ ምርቱን በመቁጠር። ቁርኣን የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አልወረደም፤ መመሪያ ሆኖ ነው የወረደው። ስለዚህ በየስልኩ የሚዞረውን «ሳይንቲስቶች ይህን አያ አይተው ደነገጡ» የሚል ያልተጣራ ወሬ በማካፈል ዲናችሁን ያገለገላችሁ አይምሰላችሁ። አንድ ሙከራ በትክክል ሠርቶ ውጤቱን በእውነት መጻፍ ከመቶ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይበልጣል።

ወላጆቻችሁም ይህን መንገድ ያውቁታል። በወሎና በሐረር የቁርኣን ልጆች የሚማሩት ከእንጨት በተሠራ ለውህ ላይ ነበር። ቀለሙን ከጥላሸት አዘጋጅተው፣ ብዕሩን ቀርጸው፣ ጽፈው፣ ቀርተው፣ አጥበው እንደገና ይጽፉ ነበር። የሐረር ሰዎች በመጽሐፍ ድጉስ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። በእጅ ሠርቶ መማር ከፈረንጅ የተበደርነው አዲስ ነገር አይደለም።

ቂብላን በገዛ እጃችሁ ፈልጉ

ወሬው ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች በሳምንት መጨረሻ መድረሳ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «መካ ከእኛ በደቡብ ምሥራቅ ናት፤ ታዲያ መስጊዳችን ለምን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «ዝም ብለህ ስገድ» የሚባል መልስ አይገባውም።

ግሎብ የምንለውን የምድር ሉልና አንድ ክር አምጡ። የክሩን አንድ ጫፍ ዋሽንግተን ላይ፣ ሌላውን መካ ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክሩ በራሱ አጭሩን መንገድ ያሳያችኋል፦ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተነስቶ አትላንቲክን ያቋርጥና በአውሮፓ በኩል ወደ መካ ይወርዳል። ጠፍጣፋው ካርታ ያሳሳታችሁ ክብ የሆነችውን ምድር በወረቀት ላይ ስለዘረጋት ነው።

አሁን ደግሞ በፀሐይ አረጋግጡት። በየዓመቱ ሜይ 27 ወይም 28 በመካ ሰዓት ቀን 12:18 ገደማ፣ ጁላይ 15 ወይም 16 ደግሞ በ12:27 ገደማ ፀሐይ በቀጥታ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ በአውሮፓ፣ በባሕረ ሰላጤውም ሆነ በኢትዮጵያ ያላችሁ ሁሉ ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ ትከሉ። ፀሐይዋ ያለችበት አቅጣጫ ቂብላ ነው፤ ጥላው የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው። ፀሐይዋን በዓይናችሁ አትዩ፤ ጥላውን ብቻ ተከተሉ። በአሜሪካ ያላችሁ በዚያች ሰዓት ፀሐይ አልወጣችላችሁም ወይም ገና መውጣቷ ነው። ለእናንተ ሌላ ቀን አለ፦ ኖቬምበር 28 ገደማ በዋሽንግተን ሰዓት ከሰዓት በኋላ 4:09፣ ወይም ጃንዋሪ 13 ወይም 14 በ4:29 ገደማ። ያን ጊዜ ፀሐይ ከካዕባ በትክክል በምድር ተቃራኒ ወገን ካለው ነጥብ በላይ ናት፤ ስለዚህ የዘንጋችሁ ጥላ ራሱ ወደ ቂብላ ያመለክታል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሆኑን ታያላችሁ። ደመና ቢሆን በማግስቱ ድገሙት፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ከ1,000 ዓመት በፊት የከተሞችን አቀማመጥ ለመወሰን አንድ ሙሉ ኪታብ የጻፉት፣ የጋዝና ከተማን ቂብላም ያሰሉት በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ጂኦሜትሪ «ምን ይጠቅመኛል?» ለሚል ሁሉ መልሱ በየቀኑ አምስት ጊዜ ከፊቱ አለ። የዙህርና የዓስር ወቅትም እኮ የጥላ ልኬት ነው።

ሌላ ሥራ፦ ውዱእ ስታደርጉ ከቧንቧው ሥር ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጡና የፈሰሰውን ውሃ ለኩት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ የአማካይ ሰው ሁለት እጆች ታፍነው የሚይዙት መጠን ነው፤ ከአንድ ሊትር በታች ነው። የእናንተን ቁጥር ጻፉና አነጻጽሩ። ከዚያ የመስጊዳችሁን ቧንቧ አስቡ፤ በጁሙዓ ቀን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? የሚፈሰውን በግማሽ የሚቀንስ ነገር ሠርታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ? የምህንድስና ፕሮጀክት ማለት ይኸው ነው፤ ሱናን መከተልም ነው።

ቤትም ውስጥ ላቦራቶሪ አለ። እናታችሁ ሊጥ ስታቦካ ከቀድሞው እርሾ የምትጨምረው በምክንያት ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕያዋን ጤፉን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ፤ የእንጀራው ዓይን የዚያ ጋዝ መውጫ ነው። በብርድ ቀንና በሙቀት ቀን ሊጡ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ መዝግቡ። እናታችሁን «ለምን አብሲት ትጨምሪበታለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። እናንተ የምታውቁት ቃል አላት፤ እርሷ የምታውቀው እጅ አላት። ሁለቱ ሲገናኙ ዒልም ይሆናል፤ በዚያውም ላይ በእናታችሁ ፊት ደስታ ታያላችሁ፣ እርሱም ዒባዳ ነው።

ከእኛ በፊት የሠሩት

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አልጀብራ ስሙን ያገኘበትን ኪታብ ሲጽፉ ትልቅ ክፍሉን የሰጡት ለውርስ ክፍፍል ነበር። የሟች ልጆች መብት እንዳይጣመም ሒሳብ ያስፈልግ ነበር። እናንተ የምትሰለቹበት ያ «ኤክስ» የየቲም ሐቅ ለማስጠበቅ አገልግሏል።

በ965 ገደማ በበስራ የተወለዱት ኢብኑል ሀይሰም ዓይን የሚያየው ከውስጡ ጨረር እየላከ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ በጨለማ ክፍል፣ በትንሽ ቀዳዳና በመብራት እየሞከሩ አፈረሱት። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የናይልን ጎርፍ ለመቆጣጠር ዕቅድ ይዘው ወደ ግብፅ ሄደው ነበር። ወንዙን ተከትለው ሽቅብ እስከ አስዋን ወዲያ ሄደው በዓይናቸው ሲያዩ በዘመናቸው አቅም እንደማይሆን አመኑ። ወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ መሬት ላይ ሲፈተን እንዲህ ነው። ያ ከእኛ ደጋ የሚነሳው ወንዝ ዛሬ በጉባ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በታቀደ ግድብ ላይ ያልፋል፤ የገነቡትም ብረት ያሠሩ፣ ኮንክሪት ያፈሰሱ፣ ቁጥር ያሰሉ እጆች ናቸው።

አል-ጀዘሪ በዲያርበክር የአርቱቅ ገዢዎች መሐንዲስ ሆነው ሠርተው በ1206 ያጠናቀቁት ኪታብ 50 መሣሪያዎችን ከነአሠራራቸው ያሳያል፤ ከእነርሱም መካከል ለንጉሡ ውዱእ ውሃ የሚያፈስ መሣሪያ አለ። ኪታቡን የሚያነብ ሰው ራሱ መሥራት እንዲችል አድርገው ነው የጻፉት።

ወደ ቅርብ ዘመን እንምጣ። ፋዝሉር ራሕማን ኻን በ1929 በቤንጋል ተወለዱ፤ በ1952 ለትምህርት አሜሪካ መጡ። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃን እንደ ቱቦ አድርጎ ንፋስን መቋቋም እንደሚቻል ያሳዩት እርሳቸው ናቸው። በቺካጎ የሚገኘው 442 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ቀድሞ ሲርስ ይባል የነበረው ሕንፃ በዚህ ሐሳብ ተሠርቶ ለሩብ ክፍለ ዘመን ያህል በዓለም ረጅሙ ነበር። ሐሳቡን አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ፦ አንድ ወረቀት ጠፍጣፋውን ለማቆም ሞክሩ፣ ይወድቃል፤ ጠቅልላችሁ በፕላስተር ያዙትና አቁሙት፣ መጽሐፍ ይሸከማል። እኚሁ ሰው በጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሑጃጆችን ተርሚናል ድንኳን መሰል ጣሪያ በመንደፍ ተሳትፈዋል። ሐጅ ያደረጉ ወላጆቻችሁ ከዚያ ጥላ ሥር አርፈው ይሆናል። ኻን በ1982 የሞቱትም በዚያችው በጂዳ ነው። አላህ ይዘንላቸው።

የ2025 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ዑመር ያጊ በዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ቤታቸው የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። በ15 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኋላ የሠሩት ቁስ ከበረሃ አየር ውስጥ ውሃ የሚለቅም ሆነ። ውሃ ሲያጥር ያየ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ውሃ አጥቶ የማያውቅ ልጅ ከሚጠይቀው ይለያል። እናንተም ወላጆቻችሁ ያዩትን ችግር ታውቃላችሁ፤ ያ ዕውቀት ሸክም ብቻ አይደለም፣ የጥያቄ ምንጭም ነው።

ሰልማን የሁለት ዓለም ሰው ነበሩ

አንዳንዶቻችሁ «እዚህም ሙሉ ሰው አይደለሁም፣ እዚያም ሙሉ ሰው አይደለሁም» ትላላችሁ። ሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ.) አስታውሱ። ከፋርስ ወጥተው፣ ባሪያ ሆነው ተሸጠው፣ በመጨረሻ መዲና የደረሱ ሰው ናቸው። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ627፣ ጠላት መዲናን ለመክበብ ሲመጣ የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኸንደቅ እንዲቆፈር ያማከሩት እርሳቸው ናቸው። ዐረቦች ይህን ዘዴ አያውቁትም ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የባዕድ ዘዴ ነው ብለው አልጣሉትም፤ ተቀበሉት፣ ራሳቸውም አብረው አፈር ተሸከሙ፣ አቧራው ሆዳቸውን እስኪሸፍን ድረስ። በሁለት ዓለም መካከል መሆን ለሰልማን ጉድለት አልነበረም፤ ሌሎች ያላወቁትን ይዘው የመጡት በዚያ ምክንያት ነው። እናንተም ከተማራችሁበት ሀገር ይዛችሁ የምትመጡት ነገር ለዚህ ኡማ ኸንደቅ ሊሆን ይችላል።

የጀማዓው ዕዳ

ዑለማዎቻችን ፈርደል ኪፋያ የሚሉት ነገር አለ። ከኡማው የተወሰኑ ሰዎች ካደረጉት ሌላው ነፃ ይሆናል፤ ማንም ካላደረገው ሁሉም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናና ሒሳብን፣ ሰው ያለ እነርሱ መኖር የማይችልባቸውን ሙያዎችም ከዚሁ ቆጥረዋል። በየከተማው ፊቅህ የሚማር ተትረፍርፎ ሐኪም ግን ከሙስሊሞች መካከል መጥፋቱንም በምሬት ወቅሰዋል።

እስቲ በዚህ ሚዛን ራሳችንን እንመዝን። መስጊዳችን ማሞቂያው ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? የመስጊዳችንን ሕንፃ ንድፍ የሚያነብልን ማነው? አያቶቻችን ባሉበት ገጠር የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ እንሰበስባለን፤ ፓምፑ በዓመቱ ሲቆም ለምን እንደቆመ የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ? ሰደቃችን ጃሪያ እንዲሆን ውሃው መፍሰስ አለበት፤ ውሃው እንዲፈስ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር ዕውቀት ያስፈልጋል። ሁላችሁም መሐንዲስ ሁኑ አልልም። ሐፊዝ፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ጸሐፊም ያስፈልገናል። ነገር ግን ችሎታው እያለው በፍርሃት ወይም በስንፍና የሚተወው ሰው ሲበዛ ዕዳው በሁላችን ላይ ይቀራል።

ብረትና ሚዛን አብረው ተጠቅሰዋል

ሱረቱል ሐዲድ በብረት ስም ተሰይማለች። በውስጧ አላህ ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም ስላለው ስለ ብረት በተናገረበት በዚያው አያ ውስጥ ስለ ኪታብና ሰዎች በፍትሕ እንዲቆሙበት ስለ ሚዛን ይናገራል። ብረት ያለ ሚዛን ግፍ ነው። ሚዛንም የሚያስከብረው ብረት ከሌለው ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ሰዎችን አነጻጽሩ። ቃሩን ሀብቱን ሁሉ ያገኘው በራሱ ዕውቀት እንደሆነ ተናገረ፤ ምድርም ከነቤቱ ዋጠችው። ዙልቀርነይን ደግሞ የተጨነቁ ሕዝቦች ገንዘብ እንስጥህና ግድብ ሥራልን ባሉት ጊዜ ጌታው የሰጠው እንደሚበልጥ ነግሮ ገንዘቡን ተወ፤ ጉልበታቸውን ግን ጠየቀ። እነርሱም ብረት አመጡ፣ አናፉ፣ እርሱም የቀለጠ መዳብ አፈሰሰበት። ሕዝቡን ተመልካች አላደረገም፣ አብረውት ሠሩ። ሥራው ሲያልቅ ይህ ከጌታዬ የሆነ እዝነት ነው አለ። ሁለቱም ዕውቀት ነበራቸው። የለያቸው ኒያቸውና ዕውቀቱን ከማን እንዳገኙት ማመናቸው ነው።

ነገ ቁማር የሚያስፋፋ መተግበሪያ፣ ሰውን የሚሰልል ካሜራ፣ ንፁሐንን የሚገድል መሣሪያ እንድትሠሩ በጥሩ ደመወዝ ትጠየቁ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ከፍተኛ ውጤት ብቻ አይደለም፤ «አልሠራም» የሚል ልብ ነው። ያ ልብ በፈጅር ሶላት፣ በቁርኣንና በመልካም ባልደረባ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁለቱን ትምህርት አትለያዩ።

ለእህቶቻችን

እህቶቼ፣ ማንም ይህ የወንድ ሥራ ነው ብሎ እንዳይመልሳችሁ። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) የታከሙት ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) በምታክምበት ነው። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን በሐለብ ለሰይፉ ደውላ አስጠርላብ ትሠራ የነበረች፣ አል-ዒጅሊያ የምትባል ሴት በኢብኑን ነዲም መዝገብ ተጠቅሳለች። አስጠርላብ በዘመኑ የነበረ እጅግ ረቂቅ የልኬት መሣሪያ ነበር። ሒጃባችሁን ለብሳችሁ የመከላከያ መነጽር መድረግ ትችላላችሁ። ማሽን አጠገብ ስትቆሙ ጫፉን በደንብ አስገቡት፤ ደኅንነትን መጠበቅም ከዲን ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ተማሪዎች፦ ሒሳብን አትሽሹ። ዛሬ የተዋችሁት የሒሳብ ክፍል ነገ የሚዘጋ በር ነው። በትምህርት ቤታችሁ የሮቦት፣ የኤሌክትሮኒክስ ወይም የእንጨት ሥራ ክበብ ካለ ግቡ። ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲጣል ከመጣሉ በፊት፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ፣ አዋቂ ባለበት ፍቱትና ውስጡን እዩ። ደብተር ይኑራችሁ፤ የሞከራችሁትን፣ ያልሠራውንም ጭምር ጻፉ። የውሸት ውጤት አትጻፉ፤ አማና ነው። የሙያ ሥልጠና መንገድም አለ፤ የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ሙያ ተምሮ ሐላል መብላት ክብር ነው።

አባቶችና እናቶች፦ ታክሲ የምትነዱ፣ መጋዘን የምትሠሩ፣ ሰው ቤት የምትደክሙ ወላጆቻችን፣ አላህ ድካማችሁን ይቀበል። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ልጄን ምን ላስተምረው?» አትበሉ። የመኪናውን መከለያ ከፍታችሁ ዘይት ሲለካ አብሯችሁ ይቁም። ዕቃ ሲፈታ ብትቆጡት ለመጠየቅ ይፈራል፤ አብራችሁት ብትቀመጡ ግን ሁለት ነገር ይማራል፣ ዕቃውንም እናንተንም። የመስጊድ ኮሚቴዎችም በሳምንት መጨረሻ መድረሳችን ከሒፍዝ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ለእጅ ሥራ ብንመድብ፣ ከጀማዓው ያሉትን መካኒኮችና ኤሌክትሪሺያኖች መምህር ብናደርጋቸው፣ ልጆቹ መስጊዱን በሌላ ዓይን ያዩታል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ያዙልኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በእጁ ችግኝ ያለው ሰው ቂያማ ብትቆም እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዘዋል። ፍሬዋን አያይም፤ መትከሉ ግን ከእርሱ ይፈለጋል። የእናንተም ችግኝ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ነገር ነው፤ አንድ ዘንግ፣ አንድ ክር፣ አንድ የሒሳብ ገጽ ሊሆን ይችላል። ቢስሚላህ በሉና ጀምሩ።

አላህ ሆይ! የሚጠቅመንን አሳውቀን፣ ባሳወቅከንም ጥቀመን፣ ዕውቀትንም ጨምርልን። የወጣቶቻችንን ልብ በኢማን፣ እጃቸውን በሐላል ሥራ አበርታ። በስደት የደከሙ ወላጆቻችንን በልጆቻቸው ዓይናቸውን አርጋላቸው። ሀገራችንን ሰላም አድርግልን፣ ለሕዝቦቿም ውሃና ብርሃን የምናደርስ አድርገን። ከቃሩን ኩራት ጠብቀን፤ ሲሠሩ አንተን ከሚያስታውሱት፣ ሲጨርሱም አንተን ከሚያመሰግኑት አድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።